ድንገተኛ የሆድ ሕመም፡ አልትራሳውንድ ምን ያሳያል? ምንስ ሳያሳይ ይቀራል?

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከሚደርሱ ሕሙማን መካከል ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ወገባቸውን አጉብጠው የሚገቡት ጥቂቶች አይደሉም። አንዳንዶቹን ሕመሙ የጀመራቸው ከሰዓታት በፊት ነው። ሌሎቹ "ቁርጠት ነው፣ ያልፋል" ብለው ጤና አዳም በቡና እየጠጡ፣ ወይም "ጨጓራዬ ተነሳብኝ" ብለው ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝተው አንድ ሁለት ቀን አሳልፈዋል።

ተረኛው ሐኪም በቅድሚያ መመለስ ያለበት የበሽታው ስም ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ አይደለም። ይህ ሰው እስኪነጋ መቆየት ይችላል ወይስ አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል የሚለውን ነው። ስህተት በሁለቱም በኩል ዋጋ ያስከፍላል። ከማህፀን ውጪ ያረገዘች ሴት ሕክምናው ከዘገየባት በውስጥ ደም መፍሰስ ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች። ሳያስፈልግ ሆዱ የተከፈተ ሰው ደግሞ የቀዶ ሕክምናን አደጋና ወጪ በከንቱ ይሸከማል።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከሚያግዙ የምስል መሣሪያዎች መካከል በምሥራቅ አፍሪካ ለብዙው ሰው ቅርብ የሆነው አልትራሳውንድ ነው። ሲቲ ስካን በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ብቻ ሲገኝ፣ አልትራሳውንድ ግን በወረዳ ሆስፒታሎችና በግል ክሊኒኮችም አለ። ለዚህም ነው "አልትራሳውንድ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ" የሚለው አባባል የተለመደው። ብዙ ታማሚዎች ይህን ቃል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቀበሉታል። ነገር ግን አልትራሳውንድ በግልጽ የሚያያቸው ነገሮች እንዳሉ ሁሉ፣ ከዓይኑ የሚሰወሩም አሉ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አንዳንድ ጊዜ ሕይወት ያድናል።

አጣዳፊ የሆድ ሕመም ምንድን ነው?

ሐኪሞች አጣዳፊ የሚሉት በድንገት፣ ወይም በጥቂት ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ጀምሮ እየከፋ የሚሄድን ሕመም ነው። መንስኤው ከቀላል የአንጀት መታወክ አንስቶ እስከ አንጀት መበሳት ይደርሳል።

የሕመሙ ቦታ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው። ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም ሐኪሙን ወደ ሐሞት ከረጢትና ወደ ጉበት ይመራዋል። ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድና የሚያንፈራግጥ ሕመም የሽንት ቧንቧ ጠጠርን ያስጠረጥራል። በእምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ የሚሸሽ ሕመም የትርፍ አንጀት ብግነት የተለመደ መንገድ ነው። ሆድ በሙሉ እንደ ጣውላ ከደረቀ ደግሞ የጨጓራ ወይም የአንጀት መበሳት ይታሰባል።

ሆድ የሚያሳምመው ሁሉ ከሆድ አይመነጭም። የልብ ድካም፣ የሳንባ የታችኛው ክፍል ምች እንዲሁም ከቁጥጥር የወጣ የስኳር በሽታ እንደ ሆድ ሕመም ሆነው ሊቀርቡ ይችላሉ። ስለዚህ ታሪክ መጠየቅ፣ ሆድን በእጅ መዳሰስ፣ የደምና የሽንት ምርመራ ማድረግ ከምስሉ በፊት ይመጣሉ።

ድምፅ እንዴት ምስል ይሆናል?

የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ነው። የሆድ አልትራሳውንድ የሚጠቀመው ከዚያ እጅግ የላቀ፣ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ኸርዝ የሚሆን ሞገድ ነው። በባለሙያው እጅ ያለው ፕሮብ ይህን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ ከየአካሉ ድንበር ተጋጭቶ ሲመለስም ይቀበለዋል። ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍሎች ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መሣሪያው የገደል ማሚቶው ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ ወደ ርቀት ለውጦ ምስል ይሠራል።

ፈሳሽ ድምፁን ስለሚያሳልፍ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጠጠር ድምፁን ስለሚመልስ ነጭ ሆኖ ከኋላው ጥላ ይጥላል። አየር ደግሞ ድምፁን ከሞላ ጎደል በሙሉ ይመልሰዋል፤ ከበስተጀርባው ያለውም አይታይም። በቆዳ ላይ የሚቀባው ቀዝቃዛ ጄል ጥቅሙ በቆዳውና በፕሮቡ መካከል አየር እንዳይገባ መከላከል ነው። መሣሪያው እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ጨረር ስለማይጠቀም ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ተመራጭ ነው።

ቴክኖሎጂው ወደ ሕክምና የገባበት ታሪክ ራሱ ከሆድ ጋር የተያያዘ ነው። በስኮትላንድ ግላስጎው የማህፀን ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ፣ በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ለመፈለግ የተሠራ የፋብሪካ መሣሪያ በሰው ሆድ ላይ ምን ሊያሳይ እንደሚችል መመርመር ጀመሩ። ከኢንጂነር ቶም ብራውን እና ከዶክተር ጆን ማክቪካር ጋር ሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 'ላንሴት' በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ ስለ ሆድ ውስጥ እባጮች ነበር። ከመረመሯቸው ሴቶች አንዷ በቀዶ ሕክምና የማይድን የጨጓራ ካንሰር እንዳለባት ተነግሯት ነበር። አልትራሳውንዱ ግን ፈሳሽ የቋጠረ ትልቅ እባጭ አሳየ። እባጩ ከኦቫሪ የተነሳ ሲሆን፣ ወጥቶላት ዳነች።

በግልጽ የሚያሳያቸው

ደም በሆድ ውስጥ። በአልትራሳውንድ ድንገተኛ ምርመራ ፈጣኑ መልስ የሚገኘው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ባለሙያው በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል፣ በጣፊያ ዙሪያና በዳሌ ውስጥ ጥቁር ፈሳሽ መኖሩን በደቂቃዎች ውስጥ ይፈትሻል። በመኪና አደጋ ወይም በድብደባ ለተጎዱ ሰዎች የሚደረገው 'ፋስት' የተሰኘው ምርመራ ልብንም ጨምሮ የሚፈትሸው ይህንኑ ነው። ሆኖም ደሙ ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ ላይ ላይታይ ስለሚችል ምርመራው ይደገማል።

ከማህፀን ውጪ እርግዝና። ከ100 እርግዝናዎች ከ1 እስከ 2 የሚሆኑት ከማህፀን ውጪ ይይዛሉ፤ ከእነዚህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በማህፀን ቱቦ ውስጥ ናቸው። ቱቦው ሲፈነዳ ደም ወደ ሆድ ይፈሳል። የእርግዝና ምርመራዋ አዎንታዊ የሆነ፣ በአልትራሳውንድ ማህፀኗ ባዶ የሆነና በሆዷ ውስጥ ፈሳሽ የታየ ሴት፣ በተለይ የደም ግፊቷ ከወረደ፣ ሌላ ምርመራ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም። በሌላ በኩል ማህፀኑ ባዶ ሆኖ ሌላ ምልክት ካልታየ እርግዝናው ገና ለመታየት ትንሽ ሆኖ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሴትየዋ "ምንም የለም" ተብላ አትሸኝም፤ የደም ምርመራው ከ48 ሰዓታት በኋላ ይደገምላታል፤ አልትራሳውንዱም እንደገና ይታያል።

የሐሞት ጠጠር። በሐሞት ከረጢት ውስጥ ያለ ጠጠርን በማግኘት ረገድ አልትራሳውንድ ከሲቲ ስካን የተሻለ ነው። የከረጢቱ ግድግዳ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መወፈር፣ በዙሪያው ፈሳሽ መታየቱ፣ እንዲሁም ፕሮቡ ልክ ከረጢቱ ላይ ሲጫን ሕመሙ መባባሱ ከረጢቱ መቆጣቱን ያመለክታሉ። ጠጠር መኖሩ ብቻውን ግን የዛሬው ሕመም መንስኤ ነው ማለት አይደለም፤ ጠጠር ይዘው ምንም ሳይሰማቸው የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

የኩላሊት መዘጋት። ጠጠር የሽንት ቧንቧን ሲዘጋ ከበላዩ ያለው የኩላሊት ክፍል በሽንት ይወጠራል፤ ይህ በአልትራሳውንድ በቀላሉ ይታያል። በቧንቧው መካከለኛ ክፍል የተሰነቀረው ጠጠር ራሱ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። ያም ሆኖ በአልትራሳውንድ መጀመር ታማሚውን እንደማይጎዳ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ 15 የሕክምና ማዕከላት 2,759 ሕሙማንን ያሳተፈና በ2014 የታተመ ጥናት፣ በአልትራሳውንድ በጀመሩትና በሲቲ ስካን በጀመሩት መካከል ከባድ ችግር ሳይታወቅ በመቅረቱ ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም።

ትርፍ አንጀት። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ትርፍ አንጀትን በአልትራሳውንድ ማየት አስቸጋሪ ነበር። በ1986 ሆላንዳዊው ራዲዮሎጂስት ጁሊየን ፑይላርት ቀላል መፍትሔ አቀረቡ፦ ፕሮቡን ቀስ በቀስ በመጫን በመካከል ያለውን አየርና አንጀት መግፋት። ጤነኛ አንጀት ሲጫኑት ይተጣጠፋል፤ የተቆጣ ትርፍ አንጀት ግን አይታጠፍም፤ ውፍረቱም ከ6 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ዘዴው ዛሬም በመላው ዓለም ያገለግላል። ትልቁ ጥንቃቄ ግን ይህ ነው፦ "ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ ነው" እና "ትርፍ አንጀቱ አልታየም" ፍጹም የተለያዩ ውጤቶች ናቸው። ሁለተኛው በሽታውን አያስቀርም።

የሕፃናት አንጀት። ዕድሜያቸው በአብዛኛው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት አንዱ የአንጀት ክፍል በሌላው ውስጥ ሊገባባቸው ይችላል። ሕፃኑ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ ያለቅሳል፣ ጥቂት ይረጋጋል፣ ከዚያ እንደገና ይጮኻል፤ ከዘገየም ደም የተቀላቀለ ንፍጥ መሰል ሰገራ ሊወጣው ይችላል። በአልትራሳውንድ አንጀቱ አንዱ በአንዱ ውስጥ እንደተሳሉ ክበቦች ይታያል። በጊዜ ከተደረሰበት በብዙዎቹ ዘንድ በፊንጢጣ በኩል አየር ወይም ፈሳሽ በማስገባት ያለ ቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ከዘገየ ግን አንጀቱ ሊበሰብስ ይችላል።

ከእነዚህ ሌላ አልትራሳውንድ የኦቫሪ እባጭን፣ ከእድሜ ጋር የሚመጣውን የዋናው የደም ቧንቧ መለጠጥ እና በአሜባ ምክንያት በጉበት ውስጥ የሚፈጠር የመግል ቋት ያሳያል። ወስፋት ወደ ሐሞት ቧንቧ ገብቶ ሕመም ሲያስከትልም ትሉ በምስሉ ላይ ሊታይ፣ አንዳንዴም ሲንቀሳቀስ ሊስተዋል ይችላል።

ከቱርካና እስከ ደቡብ ኦሞ

አልትራሳውንድ በአፍሪካ ቀንድ ገጠራማ አካባቢዎች ምን ያህል እንደሚያገለግል ቀድመው ካሳዩት ሥራዎች አንዱ የተከናወነው በሰሜን ምዕራብ ኬንያ ቱርካና ነው። አካባቢው የሃይዳቲድ በሽታ በዓለም በከፍተኛ መጠን ከተመዘገበባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በሽታው ከውሾች የሚተላለፍ የትል እንቁላል ወደ ሰው ሲገባ የሚመጣ ሲሆን፣ በጉበትና በሌሎች አካላት ውስጥ ውሃ የቋጠረ እባጭ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። እባጩ ከፈነዳ ወይም ከመገለ ድንገተኛና ከባድ ሕመም ያስከትላል።

መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የጤና ድርጅት አምሬፍ በ1980ዎቹ ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ ይዞ በአርብቶ አደሮች መንደሮች መመርመር ጀመረ። ፍተሻው በቱርካና ብቻ ሳይወሰን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያና በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ወደሚኖሩ አርብቶ አደሮችም ደረሰ። ሆስፒታል አይተው የማያውቁ ሰዎች በየመንደራቸው ተመረመሩ። በ2003 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን ያወጣው የሃይዳቲድ እባጮች አመዳደብም የተመሠረተው በአልትራሳውንድ ምስል ላይ ነው። እባጩ በመድኃኒት፣ በመርፌ ወይስ በቀዶ ሕክምና ይታከም፣ ወይስ በክትትል ብቻ ይቆይ የሚለው የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ልምዱ አንድ ጥንቃቄንም ያስተምራል። በጉበት ውስጥ የታየን ፈሳሽ መግል ነው ብሎ ያለ ዝግጅት በመርፌ መውጋት አደገኛ ነው። እባጩ ሃይዳቲድ ከሆነ የሚፈሰው ፈሳሽ ለሕይወት የሚያሰጋ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስነሳ ይችላል።

ከዓይኑ የሚሰወሩት

የአልትራሳውንድ ዋነኛ ባላንጣ አየር ነው። አንጀት ሲዘጋ ወይም ሲጠመዘዝ በአየር ይነፋል፤ ምስሉም ይጋረዳል።

ይህ ለአካባቢያችን ትልቅ ትርጉም አለው። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል መጠምዘዝ በምዕራባውያን አገራት እምብዛም ባይሆንም፣ በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገራት ግን ከተለመዱት የአንጀት መዘጋት መንስኤዎች መካከል ነው። ሆዱ የተነፋ፣ ሰገራም አየርም ማስወጣት ያቃተው ሰው ከአልትራሳውንድ ይልቅ አንድ ተራ ራጅ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። የተጠመዘዘው አንጀት በራጅ ላይ የሚሠራውን ቅርጽ ሐኪሞች በመላው ዓለም "የቡና ፍሬ ምልክት" ይሉታል። የቡና መገኛ በሆነችው አገር ምልክቱን ለማስታወስ አይከብድም።

የጨጓራ ወይም የአንጀት መበሳትም እንዲሁ ነው። የጨጓራ ቁስል ወይም የአንጀት ታይፎይድ አንጀትን ሲበሳ የሚያመልጠውን አየር ሰውየው ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚነሳው የደረት ራጅ ብዙ ጊዜ ያሳያል። ቆሽት ከጨጓራና ከአንጀት ኋላ ስለሚገኝ በአየር ይሸፈናል። ወደ አንጀት የሚሄድ የደም ሥር ሲዘጋ ሕመሙ እጅግ የበረታ ሆኖ ሳለ አልትራሳውንዱ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ኦቫሪ በራሷ ግንድ ላይ ስትጠመዘዝም በዶፕለር የደም ዝውውር መታየቱ ችግሩ የለም ለማለት አያበቃም።

ፕሮቡን የያዘው እጅ

ራጅ አንድ ጊዜ ከተነሳ ሌላ ባለሙያ ነገ ሊያነበው ይችላል። አልትራሳውንድ ግን ምስሉ የሚፈጠረውም የሚነበበውም በአንድ ጊዜ ነው። ባለሙያው ፕሮቡን ያላሳረፈበት ቦታ በወረቀቱ ላይ አይኖርም። ስለዚህ የውጤቱ ጥራት በሥልጠናና በልምድ ይወሰናል፤ በቀረበለት ጥያቄም ጭምር።

የምርመራ ማዘዣው "የሆድ ሕመም" ብቻ ካለ ባለሙያው አጠቃላይ ቅኝት ያደርጋል። "የወር አበባዋ 7 ሳምንት ቀርቷል፣ ራሷን ስታለች፣ ከማህፀን ውጪ እርግዝና ይሆን?" ካለ ግን የት ላይ መቆየት እንዳለበት ያውቃል።

ጥሩ ጥያቄና የሠለጠነ እጅ ሲገናኙ ለውጡ የሚለካ ነው። በሩዋንዳ ሁለት የገጠር ሆስፒታሎች ሐኪሞች አልትራሳውንድ እንዲሠሩ ከሠለጠኑ በኋላ የተካሄዱትን የመጀመሪያ 345 ምርመራዎች የቃኘና በ2009 የታተመ ጥናት፣ ምርመራው በ43 በመቶዎቹ የሕክምናውን ዕቅድ እንደቀየረ አሳይቷል።

መሣሪያዎቹም እያነሱ ነው። በ2017 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው 'በተርፍላይ' የተሰኘው ከስልክ ጋር የሚገናኝ ፕሮብ ሲተዋወቅ ዋጋው ከ2,000 ዶላር በታች ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ መምከሩም መሣሪያው ወደ ታችኛው የጤና ተቋም እንዲወርድ ገፋፍቷል። ሆኖም ጽንስ ለማየት የሠለጠነች አዋላጅ ነርስ ትርፍ አንጀት ለመፈለግ ሠልጥናለች ማለት አይደለም። መሣሪያው በአንድ ክፍል ውስጥ መኖሩ ሁሉም ምርመራ በዚያ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ታማሚም፣ የጤና አመራርም ሊያውቁት ይገባል።

ታማሚው ምን ማወቅ አለበት?

የሐሞት ከረጢትን ለማየት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ አለመውሰድ ይመከራል፤ ማህፀንን በሆድ በኩል ለማየት ደግሞ የሞላ የሽንት ፊኛ ይጠቅማል። ነገር ግን ይህ ለቀጠሮ ምርመራ ነው። በድንገተኛ ሕመም ጊዜ "ትናንት ማታ በልተሃል" ተብሎ ምርመራው አይዘገይም።

"ማስታገሻ ከወሰድኩ ሐኪሙ በሽታውን አያገኘውም" የሚለው ሥጋትም ዛሬ ተቀባይነት የለውም። በሐኪም የሚሰጥ ማስታገሻ ትክክለኛውን ምርመራ እንደማያደናቅፍ ጥናቶች አሳይተዋል። የሚያዘገየው ቤት ውስጥ በማስታገሻ እየታገሡ መቆየት ነው።

ውጤቱን ሲቀበሉ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ተገቢ ነው፦ የተፈለገው አካል በትክክል ታይቷል? ያልታየው የትኛው ነው? ሕመሙ ካልቀነሰ መቼ ልመለስ? በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምንም ያላሳየ ምርመራ ከ6 ወይም ከ12 ሰዓታት በኋላ ሲደገም በሽታውን ሊያሳይ ይችላል። ወረቀቱንም ይዞ መመለስ ለሚቀጥለው ሐኪም ትልቅ እገዛ ነው።

የአልትራሳውንድ ወረቀቱ ምንም ይበል ምን፣ ከሚከተሉት አንዱ ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፦

• ሆድ ሲደርቅና በትንሽ ንክኪ ሲያም
• የማያቋርጥ ማስመለስ፣ በተለይ አረንጓዴ ወይም ደም የተቀላቀለ ሲሆን
• ሆድ ተነፍቶ ሰገራም አየርም ማስወጣት ሲያቅት
• ራስን መሳት፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የቆዳ መገርጣት
• የወር አበባ በቀረባት ወይም ባረገዘች ሴት ላይ የሚከሰት ከባድ የሆድ ሕመም ወይም የደም መፍሰስ
• ከሆድ ሕመም ጋር ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን
• ሕፃን እየደጋገመ ሲጮኽና በመካከል ሲዝል

አልትራሳውንድ ደምን፣ ጠጠርንና ፈሳሽን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። የአንጀት መጠምዘዝንና መበሳትን ግን ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ "ጤነኛ" ብሎ ታማሚው ሕመሙ እየባሰበት ከሄደ፣ እንደገና መመርመር ያለበት ሆዱ ነው።